ከዝርዝሩ የቀረው በዓል

«ዲሴምበር አንድ?» አሉ ቃምቃ፣ ሊጥ በነካው ጣታቸው የራውሻንን የፈተና መጽሐፍ ጠርዝ ይዘው።

«ቀርቷል።»

«ማን አስቀረው?»

«አዋጅ ነዋ፣ አክስቴ።»

«ለእኔ ሳይነግሩኝ? አምና አክብሬዋለሁ እኮ! ሥጋ ገዝቼ፣ ምድር ቤት ያለውን ኢዝባሳርን ከነሚስቱ ጠርቼ።» መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «እሱም ዝም ብሎ በላ!»

ራውሻን ሳቀች እንጂ መራመዷን አላቆመችም። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ። ቁጭ ብሎ ማጥናት አይሆንላትም። እየተራመደች ቀኖቹን በሦስት ቅርጫት ትከፋፍላቸዋለች። በመጀመሪያው ቅርጫት ብሔራዊው በዓል፣ የሪፐብሊኩ ቀን፣ ኦክቶበር 25 ብቻውን ተቀምጧል። በሁለተኛው የመንግሥት በዓላት ከአዲስ ዓመት እስከ ነጻነት ቀን ተሰልፈዋል። በሦስተኛው ደግሞ ሥራ የሚዘጋባቸው፣ ግን የመንግሥት በዓል የማይባሉ ሁለት ቀኖች አሉ፤ የኦርቶዶክሶች ገናና የአረፋ የመጀመሪያው ቀን። ፈታኞቹ ሰው የሚጥሉት በዚህችው በሦስተኛዋ ቅርጫት እንደሆነ ፈተናውን ያለፉ ሰዎች ነግረዋታል።

«ኖቬምበር ሰባትስ?» አሉ ቃምቃ።

«እሱ የሶቪየት ነው፤ መጽሐፉ ላይ የለም።»

«የእኔ ጉልበት ላይ ግን አለ። በዚያ ብርድ ባንዲራ አስይዘው ሲገትሩን ነው ይሄ ጉልበቴ የሄደው። እሱንም ይጠይቁሽ።»

ራውሻን ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የተወለደችው እዚሁ ካዛክስታን፣ አክታው ከተማ ውስጥ፣ ባሕሩ አጠገብ ካለው አራተኛው ሰፈር ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የአባቷ እህት ኢስታንቡል ወሰደቻት። እዚያ ተማረች፤ የመድኃኒት ባለሙያ ሆነች፤ አገባች፤ ፈታች፤ በመካከሉም የዚያን አገር ዜግነት ወሰደች። የካዛክስታን ሕግ ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅድ የትውልድ ዜግነቷ ያኔውኑ ወደቀ። ያን ቀን ምንም አልተሰማትም፤ የስልክ ቁጥር የቀየረች ያህል ነበር። አምና ሜይ ላይ ተመልሳ የሟች አጎቷ ሚስት ቃምቃ ዘንድ ስታርፍ፣ ለምን መጣሽ ላላት ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጠች። ለአንዱ የባሕሩ ነፋስ ናፈቀኝ አለች፤ ለሌላው የቤት ኪራይ አማረረኝ። ለራሷ የሰጠችው መልስ የለም።

የመኖሪያ ፈቃዷ በሜይ መጨረሻ ያበቃል። የዜግነት ፈተናውን ካለፈች የኢስታንቡሉን ፓስፖርት መልሳ የዚህ አገር ሰው ትሆናለች። ከወደቀች ወይም ከቀረች ቀጣዩ ፈተና ሴፕቴምበር ላይ ነውና እስከዚያ ከአገር መውጣት አለባት። ከወጣች ደግሞ እንደማትመለስ ራሷን ታውቃለች። የሄደችበት አገር ሁልጊዜ ከተወችው የሚሻላት፣ ጥቂት ስትኖርበት ደግሞ የሚብስባት ዓይነት ሰው ናት።

«መቼ ነው ያልሽኝ ፈተናው?»

«ማርች 14፣ አራት ሰዓት ላይ።»

የቃምቃ እጅ ሊጡ ውስጥ ቆመ። «በኮሪሱ?»

ራውሻንም መራመዷን አቆመች።

ከመሥሪያ ቤቱ የደወለው ሰው «ማርች 14 ይመችሻል?» ሲላት ዝርዝሩን አይታ ነበር። ከማርች 8 ቀጥሎ ያለው የፀደዩ በዓል ናውሪዝ ነው፤ 21፣ 22፣ 23። በመካከሉ ምንም የለም። ይመቸኛል አለችው። ሃያ ስድስት ዓመት ስትርቅ ከአእምሮዋ የጠፋ ነገር መኖሩን እንኳ አላወቀችም። አሁን ግን የአክስቷን ፊት ስታይ ኮሪሱ፣ የአገሩ ምዕራብ ሰው ብቻ የሚያከብረው የዘመን መለወጫና የእርቅ ቀን፣ በአንድ ጊዜ መጣላት፦ በየበሩ የሚዘረጉ ሁለት ሁለት እጆች፣ ነጭ የራስ መሸፈኛ ያጠለቁ አሮጊቶች፣ ከቤት ቤት የሚሮጥ ልጅ ሁሉ።

«አይ አንቺ ልጅ!» አሉ ቃምቃ። «በኮሪሱ ቀን ማን ፈተና ይቀመጣል? በኮሪሱ ቀን ሰው አይሞትም እንኳ፤ የሚቀብረው ስለማያገኝ።»

«ዝርዝሩ ላይ የለም።»

«ዝርዝሩ ላይ አንቺም የለሽም፤ እኔም የለሁም። ሜንሱሉስ?»

ራውሻን ወደ መስኮቱ ዞረች። ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለች።

ሜንሱሉ ታላቅ እህቷ ናት። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጣታለች፤ በልጅነቷ በጀርባዋ ያዘለቻት እናታቸው ሳትሆን እሷ ነበረች። ባለፈው መኸር የሜንሱሉ ልጅ አክቶልኪን ስትታጭ የወንዱ ቤተሰቦች ለእንግድነት መጡ። አማች በተቀመጠበት ድምፅ አይነሣም፤ ሳህን እንኳ አይንኳኳም። የበጉ ጭንቅላት ለክብር ቀርቦ፣ የእንግዶቹ ሽማግሌ ቢላዋ አንሥቶ ሳለ ራውሻን አፏን ከፈተች። «ልጅቷ ሃያ ዓመቷ ነው እኮ። ትምህርቷን ብትጨርስ ምን ይሆናል? እኔ በተማርኩበት አገር ሃያ ዓመት ገና ሕፃን ነው» አለች። የሽማግሌው ቢላዋ አየር ላይ ቀረ። ሜንሱሉ እንግዶቹን በፈገግታ ሸኝታ በሩን ከዘጋች በኋላ፣ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ፣ «አንቺ እዚህ የመጣሽው ልትኖሪ ነው ልታርሚን?» አለቻት። ራውሻንም የባሰ መለሰች። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም፤ ክረምቱ በዚያው አለፈ።

ኮሪሱ ደግሞ የዚህ መድኃኒቱ ነው። ታናሽ ወደ ታላቅ በር ይሄዳል፤ ሁለት እጁን ይዘረጋል፤ የተዘረጋ እጅ አይመለስም፤ ቂም ሁሉ እዚያ ላይ ይወድቃል። ያን ቀን ያልመጣ ግን ዓመቱን በገዛ እጁ ዘጋ ማለት ነው። በስልክ አይሆንም፣ በመልእክት አይሆንም። የአክቶልኪን ሠርግ ሜይ ላይ ነው። በኮሪሱ ያልመጣች አክስት በምን ዓይኗ ለሠርግ ትመጣለች?

«ፈተናው አምስት ሰዓት ላይ ያልቃል» አለች ራውሻን። «ከዚያ በቀጥታ እሄዳለሁ።»

«ስድስት ሰዓት ላይ ሜንሱሉ ወደ አዲሶቹ አማቾቿ ትሄዳለች፤ ግዴታዋ ነው። ከዚያ በፊት ካልደረስሽ በቃ።»

«እደርሳለሁ።»

«እኔ እስከ ዛሬ» አሉ ቃምቃ ሊጡን እያገላበጡ፣ «በኮሪሱ ከቤቱ ወጥቶ ያሰበበት በሰዓቱ የደረሰ ሰው አላየሁም።»

በቀኑ ራውሻን ማንም ሳይነቃ ልትወጣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ በሩ አዘገመች። ቃምቃ ነጩን መሸፈኛቸውን አጥልቀው በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ራውሻን ጫማውን ጣለችው።

«አዲሱ ዕድሜሽ ይባረክ!»

«የእርስዎም ይባረክ፣ አክስቴ።»

ባውርሳኩን ሳትቀምስ መውጣት አልሆነም፤ የተጠበሰው ሊጥ ጣቷን እያቃጠላት ደረጃውን ወረደች። ምድር ቤት ኢዝባሳር ወንበራቸውን መተላለፊያው መሃል አድርገው ተቀምጠዋል። በእሳቸው ሳያልፍ ወደ ውጭ የሚወጣ የለም። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ይህን ቦታ በየዓመቱ የሚይዙት አውቀው ነው።

«አባባ፣ አዲሱ ዕድሜዎ ይባረክ። ፈተና አለብኝ፣ ቸኩያለሁ።»

«እኔም አለብኝ፤ የደም ግፊት። ግቢ።»

«አባባ፣ በእውነት...»

«ምንድን ነው የሚፈትኑሽ?»

«በዓላትን።»

«በበዓል ቀን?» ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቁ፤ ሳላቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሚስታቸው ውኃ ይዘው ሮጡ። ራውሻን ጀርባቸውን ስትመታ፣ ውኃ ስታቀብል፣ ከዚያም የግመል ወተት ስትጎነጭ፣ ከዚያም እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሲመርቋት ሩብ ሰዓት አለፈ። ምርቃት አይቋረጥም። ሽማግሌው መንገዷን መረቁ፣ ፈታኞቿን መረቁ፣ ገና ያልወለደቻቸውን ልጆች መረቁ። ራውሻን እጆቿን እንደዘረጋች በጫማዋ ጫፍ ወለሉን ትመታ ነበር።

ግቢው ውስጥ ደግሞ በመኪና ማቆሚያ ቦታ ሲጣሉ የከረሙት ሁለት ጎረቤቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል።

«እህቴ፣ አንቺ ምስክር ሁኚ!» አለ አንደኛው ክንዷን ይዞ። «እኔ ነኝ ቀድሜ የዘረጋሁት!»

«ታናሽ ስለሆነ ነዋ! ግዴታው ነው!»

«በሁለት ወር ነው የምትበልጠኝ፣ ሰውዬ!»

«ሁለት ወር ታዲያ ምን ሊሆን ነው? ዕድሜ አይደለም?»

«መኪናህንም በዕድሜ ነው የምታቆመው?»

እጃቸው ሳይላቀቅ እንደገና ሊጣሉ ደረሱ። ራውሻን የሁለቱንም እጅ በተራ ጨብጣ አመለጠች። የተሳፈረችበት ታክሲ ሹፌር በየመብራቱ የሚያውቀው ሰው ባየ ቁጥር ሞተሩን ሳያጠፋ ይወርዳል፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይሳለማል፤ ከኋላው ጡሩምባ የሚነፋም የለም፤ ሁሉም ወርዷል። ነፋሱ የሴቶቹን መሸፈኛ እንደ ሸራ ይነፋዋል። ይሄ ሁሉ ሰው የሚሄድበትን ያውቃል። እሷ ብቻ ናት በዚህ ሁሉ እጅ መካከል ሰዓት የምታይ።

አሥራ ሁለተኛው ሰፈር ጋ ሲደርሱ የሜንሱሉን ሰገነት አየችው። ምንጣፏን አውጥታ አስጥታለች፤ ቀዩን። ሹፌሩ ስድስት ደቂቃ ቢቆም? ወጥታ፣ ተጨባብጣ፣ ተመልሳ? ግን ስድስት ደቂቃ የሚፈጀው ለሌላ ሰው ነው። ለእሷና ለእህቷ ደጃፍ ላይ የሚያልቅ ነገር የለም። መሐረቧን ጠመዘዘችው፤ ሹፌሩን አላስቆመችውም።

የመሥሪያ ቤቱ ኮሪደር ባዶ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተደርድሮ ማንም አልተቀመጠበትም። ከፊት ለፊት ሁለት ሰዎች አሉ። ሰብሳቢው ቶክታር ይባላል፤ ከሰሜን፣ ከሩሲያ ድንበር አካባቢ ተዛውሮ ከመጣ ሦስት ወር አልሞላውም። አጠገቡ አይማን አለች፤ የአክታው ልጅ ናት፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር እየተነሣች ሁለት እጇን ትዘረጋለች።

«አሥራ ሁለት ሰው ጠራሁ!» አለ ቶክታር። «አሥራ ሁለት! አንድ ሰው ብቻ መጣ።»

«ሌሎቹ ደውለው ወደ ሐሙስ አዛወሩ» አለች አይማን። «ነግሬህ ነበር። ከካራካልፓክስታንና ከቱርክሜኒስታን የተመለሱ ካዛኮች ናቸው፤ በኮሪሱ ማን ይመጣል?»

«ይዛወራል እንዴ?» አለች ራውሻን።

«ብትጠይቂ» አለች አይማን።

ራውሻን ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መጠየቅ! በአንድ ስልክ ያልቅ ነበር። ኢስታንቡል ስትማር የቀጠሮ ሰዓት ማክበር እንጂ ቀጠሮ ይዛወርልኝ ብሎ መለመን አላስተማሯትም፤ እዚህ ደግሞ ማንም ያልነገራት፣ ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ስለሌለ ነው።

ቶክታር ጀመረ። ብሔራዊ በዓሉ የትኛው ነው? ኦክቶበር 25። የሕገ መንግሥት ቀን? ኦገስት 30። የዋና ከተማ ቀን? ጁላይ 6። ሥራ የሚዘጋባቸው፣ የመንግሥት በዓል ያልሆኑ? ሁለቱን ከሦስተኛዋ ቅርጫት አወጣቻቸው። ቶክታር በእያንዳንዱ መልስ ፊቱ እየፈካ ሄደ። ጠዋቱን ሙሉ ሲጠብቀው የነበረው ሰው እሷ ነበረች።

«ናውሪዝስ?»

«ማርች 21፣ 22፣ 23።»

«በጣም ጥሩ!»

አይማን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ዛሬስ?» አለች። «ዛሬ ምንድን ነው?»

ራውሻን አሰበች። የሚጠብቃትን ወጥመድ ፈለገችው። ቅርጫቶቹን ሦስቱንም ገለበጠች። «የሥራ ቀን» አለች።

«ትክክል!» አለ ቶክታር ጠረጴዛውን መትቶ። «አየሽ? ትክክለኛው መልስ ይሄ ነው።»

አይማን ግን አልጻፈችም። ራውሻንን አየቻት፤ በንቀት ሳይሆን፣ ሰው ገበያ ላይ የጠፋ ሕፃን ሲያይ እንደሚያየው አድርጋ። «ታላቅ የለሽም እንዴ፣ እህቴ?» አለቻት በዝግታ።

ራውሻን አለኝ ለማለት አፏን ከፈተች። ቶክታር ቀድሟት ስለ ፓርላማው ጠየቃት።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ መጥፎ ሕልም ነው። ቶክታር የተዘጋጀው ለአሥራ ሁለት ሰው ነበርና ለአሥራ ሁለት ሰው የያዘውን ጥያቄ ሁሉ ለአንዷ ሊጠይቃት ቆረጠ። «ጊዜ አለን» ይላል በየመሃሉ እጆቹን እያፋተገ። ስለ ፍርድ ቤት ጠየቀ፤ ስለ ክልሎች ጠየቀ፤ ሰንደቁ ላይ ስላለው ንስር ጠየቀ። እሷ ጥያቄው ሳያልቅ ትመልሳለች፤ እሱ ደግሞ ፍጥነቷን የእውቀት ብዛት አድርጎ ወስዶት የባሰ ይደሰታል። የግድግዳው ሰዓት አምስት አለፈ፤ አምስት ተኩል አለፈ። ሜንሱሉ አሁን ምንጣፉን አስገብታለች። አሁን ጫማዋን እያደረገች ነው። ተነሥታ ልትሄድ ሁለት ጊዜ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች፤ ሁለት ጊዜም ለቀቀችው። አሁን ከተነሣች ሜይ ላይ ከአገር ትወጣለች። ከወጣች ሄደች።

«እንኳን ደስ አለሽ!» አለ ቶክታር በመጨረሻ። «አንድም አልሳትሽም። ማኅተሙን የያዘችው ልጅ...»

«ኮሪሱ ሄዳለች» አለች አይማን። «ሂጂ አንቺ፤ እኔ አስመትቼ አስቀምጥልሻለሁ። ሩጪ!»

ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር።

የሜንሱሉ በር ተቆልፏል። ሰገነቱ ላይ ምንጣፍ የለም። ከማዶው በር አንዲት ሴት ብቅ ብላ ሁለት እጇን ዘረጋችላትና፣ «አሁን ነው የሄዱት፤ ወደ አማቾቹ፣ ወደ መንደሩ። ስትጠብቅ ነበር መሰለኝ፤ ሦስቴ ወጥታ ደረጃውን አየችው» አለቻት።

ራውሻን ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ወዲያው ተነሣች፤ እንደገና ቁጭ አለች። ሦስቴ ወጥታ አየች። መመለስ ትችላለች። ቃምቃ ጋ ሄዳ፣ ፈተናውን አለፍኩ ብላ፣ ባውርሳክ እየበላች ማልቀስ ትችላለች። ወደ መንደሩ መሄድ ግን፣ በበጉ ጭንቅላት ፊት ያዋረደቻቸው ሰዎች ቤት፣ ሳይጠሯት፣ በሙሉ ዘመድ ፊት መግባት ማለት ነው። እዚያም ሌላ ነገር ብታበላሽስ? እሷ ሳታበላሽ የወጣችበት ቤት አለ? ያች የአይማን ጥያቄ ግን ጆሮዋ ውስጥ እንደ ዝንብ ትዞራለች። ታላቅ የለሽም እንዴ? መልሱን እያወቀች ያልመለሰችው ጥያቄ እሱ ብቻ ነበር።

ወርዳ ታክሲ ያዘች።

የአማቾቹ ቤት በራፍ በጫማ ተሞልቷል። የእህቷን ቦት ጫማ ለየችው። የራሷን አውልቃ አጠገቡ አስቀመጠች፤ ከዚያ ትንሽ ራቅ አደረገችው፤ ከዚያ ገባች።

ወሬው ቆመ። ሰዉ ዝቅተኛውን ጠረጴዛ ከቦ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከላይ የሙሽራው ሴት አያት ኡልሜኬን በትራሶች መካከል አሉ። ያ ቢላዋ ያነሣው ሽማግሌ ከጎናቸው ነው። ሜንሱሉ ከመካከል ተቀምጣ ራውሻንን አላየቻትም፤ የጠረጴዛውን ጨርቅ ነው ያየችው።

ከትልቅ ይጀመራል። ራውሻን ወደ አሮጊቷ ሄዳ ተንበረከከችና ሁለት እጇን ዘረጋች። «አዲሱ ዕድሜዎ ይባረክ።»

ኡልሜኬን እጆቿን ያዙና አልለቀቁም። «ይቺ ናት እንዴ» አሉ ለሰዉ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «የሴት ልጆቻችንን ዕድሜ ልትቆጥርልን ከኢስታንቡል የመጣችው?»

አንድ ሰው ሳቀ። ራውሻን ፊቷ ነደደ። «እኔ ነኝ» አለች።

«እኔ የተዳርኩት በአሥራ ሰባቴ ነው። እንዴት ነው፤ አለቀልኝ?»

«አያቴ፣ እኔ በሠላሳ ነው ያገባሁት፤ ሦስት ዓመትም አልቆየሁ። ያለቀልኝ እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁና እጆቿን ነቅነቅ አድርገው ለቀቋቸው። ሽማግሌውም እጁን ሰጣት። እንደ ሰንሰለት እጅ ለእጅ እየተቀበሏት ሜንሱሉ ጋ ደረሰች። ሜንሱሉ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ በኮሪሱ አይከለከልም። «አዲሱ ዕድሜሽ ይባረክ» አለች። «የአንቺም፣ እትዬ።» እጇ ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር። ዓይኗ የራውሻን ትከሻ ላይ አረፈ እንጂ ፊቷ ላይ አልወጣም። ዕዳ ተከፈለ፤ ሌላ ምንም የለም።

ከሙሽሪት ወገን ከመጡት ሴቶች ታናሿ እሷ ስለሆነች ሻይ መቅዳቱ ወደቀባት። ከማንቆርቆሪያው አጠገብ ተቀመጠች። መጀመሪያ ወተት፣ ከዚያ የሻይ ቅጠሉ፣ ከዚያ የፈላው ውኃ። ሁሉም የሚያያት ይመስላታል። ጆሮ የሌላትን ሲኒ አንሥታ በጥንቃቄ፣ አንድም ጠብታ ሳታፈስ፣ ኢስታንቡል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት እንደቀዳችው አድርጋ እስከ አፏ ሞላቻት። ሲኒዋ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈች ወደ ኡልሜኬን ሄደች።

እዚህ አገር እንግዳም ይሁን ባለቤት የሚቀዳለት ከግማሽ በታች ነው፤ ደጋግሞ ይቀዳለታል፤ እንዲቆይ ስለሚፈለግ። ሙሉ ሲኒ ማለት ጠጣና ሂድ ማለት ነው። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ራውሻን ያወቀችው ሲኒዋ ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ፣ የተቀባበሏት እጆች አንድ በአንድ ሲደነግጡ ስታይ ነው። የቤቱን አሮጊት፣ በገዛ ቤታቸው፣ በኮሪሱ ቀን፣ ሂዱ ልትላቸው ነው። መልሷት ልትል አፏን ከፈተች፤ ረፍዶ ነበር።

ሲኒዋ ሜንሱሉ ጋ ደረሰች። ሜንሱሉ መሙላቷን አየች። ለሚቀጥለው ሰው አላቀበለችም።

«ይቺ የእኔ ናት» አለች። «እኔ በሙሉ ነው የምጠጣው። እህቴ ታውቃለች።»

«በሙሉ?» አሉ ኡልሜኬን።

«በሙሉ። ከእናታችን የወረስኩት ልማድ ነው።»

እናታቸው ሙሉ ሲኒ ጠጥታ አታውቅም ነበር። ሜንሱሉ የሚያቃጥለውን ሻይ አነሣችና ሳታሳርፍ ጨለጠችው። ዓይኗ በእንባ ሞላ፤ አንገቷ ቀላ፤ ሲኒዋን ባዶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ኡልሜኬን ሜንሱሉን አይተው ራውሻንን አዩ። ብዙ ዘመን የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምን እንደሆነ ማን ይነግራቸዋል? «እንግዲያው» አሉ፣ «ለሠርጉ ትልቅ ማንቆርቆሪያ እንግዛ። አማቾቻችን ጠጪዎች ናቸው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ጭኑን መታ። በጫጫታው መካከል ሜንሱሉ ወደ ማንቆርቆሪያው ተጠጋች፤ ሲኒዎቹን ለማቀበል መስላ እህቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«ምላሴን ገሸለጥሽው» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«እትዬ፣ እኔ...»

«ዝም በይ። ለእሳቸው ትንሽ ቅጂ። ከዚያም ያነሰ። እሱ ይበቃል። ፈተናውስ?»

«አለፍኩ።»

«የዚያኛውን አገር ፓስፖርት ትመልሻለሽ?»

«በሚቀጥለው ሳምንት።»

ሜንሱሉ ሲኒዋን ወደ አሮጊቷ አሳለፈች። «እንግዲህ ስናስቀይምሽ የምትሄጂበት የለሽም ማለት ነው» አለች።

«የለኝም።»

«እኔም ስታስቀይሚኝ ወዴት እንደማባርርሽ ላስብበት።»

ሜንሱሉ የእህቷን ፊት ያየችው ይህን ስትል ነው። ራውሻን ልትስቅ ፈለገች፤ ልትጮህም ፈለገች። በሩ በዚያ በኩል ነው፤ ጫማዋ ከበሩ ውጭ ነው፤ ከመንደሩ ወደ አየር ማረፊያው ሩቅ አይደለም። ይህን ሁሉ ማሰቧ አስደነገጣት፤ አሁንም፣ ዛሬም፣ ሁሉ ከሆነላት በኋላም መንገዱን ትለካለች። ጠረጴዛው ሥር ጉልበቷ ይርገፈገፋል፤ ሲኒዎቹ በጨርቁ ላይ በቀስታ ይንጫጫሉ።

ሜንሱሉ ከኡልሜኬን ጋር ስለ ሠርጉ ድንኳን ማውራት ጀምራለች፤ ከዚህ በኩል ይተከል ከዚያ፣ ነፋሱ ከየት ይመጣል። ንግግሯን ሳታቋርጥ፣ ዞራም ሳታይ፣ አንድ እጇን በጨርቁ ሥር ሰደደችና ያንን ጉልበት ተጫነችው።

ጉልበቱ ለጊዜው ቆመ።